አዋጁ ጸድቋል፤ የሐዋሳ እንደራሴ ግን ገና የሚጠይቀው አለ

ሐዋሳ ላይ ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት የሚሄዱበት መንገድ ይታወቃል። መጀመሪያ ስለት ነው። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል ደጅ ከሚሰበሰበው ሕዝብ ውስጥ ልጅ ለምኖ ያገኘው ስለቱን ሊያስገባ፣ ያላገኘው ደግሞ ሊሳል ይመጣል። ፕሮቴስታንቱ በየቸርቹ ያስጸልያል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል። ቀጥሎ የግል ክሊኒክ ነው። ከዚያ ሪፈራል ሆስፒታል። ተመርምረው "አይ ቪ ኤፍ ሞክሩ" (ጽንስን ላብራቶሪ ውስጥ የሚያስጀምር ሕክምና ነው) የተባሉት ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚከብደው ግን ርቀቱ አይደለም። አይ ቪ ኤፍ በአንድ ቀን ታክመው የሚመለሱበት ነገር አይደለም። ሴቷ እንቁላል የሚያሳድግ መርፌ ለ10 ወይም ለ12 ቀን ያህል በየዕለቱ ትወጋለች። በየጥቂት ቀኑ በአልትራሳውንድ ትታያለች። እንቁላሉ ይወጣል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛል፤ ጽንሱ ከ3 እስከ 5 ቀን ካደገ በኋላ ወደ ማኅፀን ይገባል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠብቆ የእርግዝና ምርመራ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ መሥሪያ ቤት ምን ይባላል? የሚያርፉበት ዘመድ ቤትስ? ብዙው ሰው "ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው" ብሎ ያልፈዋል።

በመንግሥት ደረጃ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከሕክምናው ዘግይቶ ደረሰ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ያጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በሕክምና ለታገዘ መውለድ ቦታ ሰጠው። አገልግሎቱንም ለሕጋዊ ተጋቢዎች አደረገው። ዜናውን የሰማ ሰው "ይኸው ሕግ ወጣ" ብሎ አለፈ። እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና ነው ባይ ነኝ። ያ ሥራ ደግሞ ጥሩ እንደራሴ ይፈልጋል።

እንደራሴ ወደ መራጩ ሲመጣ የሚነሳውን እናውቃለን። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሥራውን ይዘጋና በክረምቱ ስብሰባ ይጠራል። አንዱ ስለ መንገድ ይናገራል፣ አንዱ ስለ ውኃ፣ አንዷ ስለ ልጇ ሥራ ማጣት። ስለ ኑሮ ውድነት የማይናገር የለም። ማይክ ይዞ "እኔና ባለቤቴ ልጅ አጥተናል፤ ሕክምናው እዚህ ይምጣልን" የሚል ግን አይገኝም። ቢል ማታውኑ የሰፈር ወሬ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ በዕድሜው በሆነ ወቅት ይህ ችግር ይገጥመዋል ይላል። ስብሰባ አዳራሹን በዓይነ ሕሊናችሁ ቃኙና ቁጠሩ።

እንግዲህ ይህ ባለቤቱ ዝም የሚልበት ጉዳይ ነው። እንደራሴው ጥያቄው እስኪቀርብለት ከጠበቀ መቼም አይቀርብለትም። ራሱ ሄዶ መፈለግ አለበት።

የእንደራሴ ሥራ በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት የእንግሊዝን ፓርላማ የመሰለ የለም። በአይ ቪ ኤፍ የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን ዓለምን ያየችው በኦልድሃም ከተማ በሐምሌ 1978 ነው። (የእንግሊዙን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ የሠሩትን ሥራ የሚገዛ ሕግ ያን ጊዜ አልነበረም። መንግሥት በ1982 በፈላስፋዋ ሜሪ ዋርኖክ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1984 ሪፖርቱን ሲያወጣ ሁለት ትልልቅ ነገር መከረ። አንደኛው ሥራውን የሚፈቅድና የሚቆጣጠር አካል ይኑር የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ጽንስ ላይ ምርምር ማድረግ እስከ 14ኛው ቀን ብቻ ይፈቀድ የሚል ነው።

ፓርላማው በመጀመሪያ ይህን አልተቀበለም። በየካቲት 1985 ኢኖክ ፓወል የተባሉት አንጋፋ ፖለቲከኛ ምርምሩን ጨርሶ የሚከለክል ረቂቅ ይዘው መጡ። በረቂቁ መሠረት ጽንስ ከማኅፀን ውጭ የሚፈጠረው ለታወቀች አንዲት ሴት፣ ያውም ሚኒስትሩ በጽሑፍ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ምክር ቤቱ በ238 ለ66 ደገፋቸው። ጨዋታው ያለቀ መሰለ።

ምርምሩን ያዳነው የፓርላማ ጮሌነት ነው። በሰኔ 1985 ረቂቁ ዳግም ሊታይ በተቀጠረበት ዕለት ዴኒስ ስኪነር የተባሉት የሌበር ፓርቲ እንደራሴ ተነሱ። ብሬከንና ራድኖር በሚባለው አካባቢ የማሟያ ምርጫ ይጠራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ሐሳብ ከሌላው ይቀድማል። እሳቸው ስለ ማሟያ ምርጫው ሲናገሩ፣ ሲናገሩ ሰዓቱ አለቀ። የፓወል ረቂቅም በዚያው ቀረ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ብልጠት ደስ አይለኝም። ጽንስ ሰው ነው ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች መልስ ሳይሰጣቸው በሰዓት ነው የተሸነፉት። ክርክሩ እዚህ አገር ቢመጣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል፤ በብልጠት የሚታለፍ ጥያቄም አይደለም።

ዋናው ግን በተገኘው ጊዜ የተሠራው ነው። በዚያው ዓመት ምርምሩን የሚደግፍ ፕሮግረስ የሚባል ዘመቻ ተመሠረተ። ከመሪዎቹ አንዱ ፒተር ተርናም የተባሉ የወግ አጥባቂው ፓርቲ እንደራሴ ነበሩ። ከባድ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በማደጎ ወስደው ያሳደጉ ሰው ናቸው። ፓርቲያቸው ውስጥ ብዙው ሰው የፓወልን ረቂቅ ደግፎ ነበር። ተርናም ግን ሳይንቲስቶችንና ሕሙማንን ይዘው ባልደረቦቻቸው ዘንድ ይመላለሱ ጀመር። ልጅ ያጡ ሰዎች፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ቤታቸውን ያጠፋባቸው ወላጆች በየአካባቢያቸው ለመረጧቸው ሰዎች ደብዳቤ ጻፉ። እኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው እላለሁ። ዝም ያለው ባለጉዳይ ድምፅ አገኘ፤ ያንንም እንዲያገኝ አንድ እንደራሴ በር ከፈተለት።

በሚያዝያ 1990 ድምፅ ሲሰጥ ምርምሩን የደገፉት 364፣ የተቃወሙት 193 ሆኑ። ከድምፁ ጥቂት ቀናት በፊት አለን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቻቸው በቤተሰብ የሚወረስ በሽታ ለልጃቸው ሊያስተላልፉ የሚችሉ ሴቶች ጽንሳቸው አስቀድሞ ተመርምሮ መፀነሳቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። እንደራሴዎቹ ወደ አዳራሹ የገቡት ይህን ሰምተው ነው። ሕጉ ወጣ። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣንም በ1991 ሥራ ጀመረ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የባለሥልጣኑ ሊቀ መንበር ሐኪም ወይም የጽንስ ተመራማሪ መሆን አይችልም። ባለሙያው ራሱን እንዳይቆጣጠር ነው።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ያምራል። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ማንም ብዙ ካልተጨነቀባቸው አንቀጾች።

ሕጉ በበረዶ የተቀመጠ ጽንስ የሚቆየው 5 ዓመት ነው ይል ነበር። አንድ ሰው ወረቀት ላይ 5 ብሎ ጻፈ፤ አለፈ። ነሐሴ 1996 ሲደርስ የመጀመሪያው ጊዜ ገደብ አለቀ። ብዙ ወላጆች አድራሻ ቀይረዋል፣ ተለያይተዋል፣ ደብዳቤው አልደረሳቸውም። ወደ 3,300 የሚጠጋ ጽንስ እንዲወገድ ተደረገ። ዛሬ ገደቡ ተለጥጦ ተለጥጦ እስከ 55 ዓመት ደርሷል።

የዳያን ብለድም ጉዳይ አለ። ባሏ በ1995 በድንገት ታሞ ራሱን ስቶ ሳለ ዘሩ ተወሰደ፤ እሱም ሞተ። ሕጉ ግን የጽሑፍ ፈቃድ ይላል። ባል ፈቅጄያለሁ ብሎ የፈረመበት ወረቀት የለም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዞሮ በመጨረሻ ቤልጂግ ሄዳ እንድትታከም ተፈቀደላትና ሁለት ልጅ ወለደች። ሆኖም በልደት ምስክር ወረቀታቸው ላይ የአባት ስም ባዶ ነበር። ይህን ያስተካከለው በ2003 የወጣ አጭር ሕግ ነው። ያመጣውም መንግሥት አይደለም፤ ስቲቨን ማኬብ የተባሉ አንድ ተራ እንደራሴ ናቸው። ሌላዋ ናታሊ ኢቫንስ ናት። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እባጭ ስለተገኘባት ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማመንጫዋ) ከመውጣቱ በፊት ከፍቅረኛዋ ጋር ጽንስ አስቀመጠች። ተለያዩ። እሱ ፈቃዱን አነሳ። እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄዳ በ2007 ተረታች፤ ከራሷ እንቁላል የመውለድ ተስፋዋም በዚያው አበቃ።

ከዚያ የሳይንስ ኮሚቴው ዘመን ይመጣል። በባዮሎጂስቱ ኢየን ጊብሰን የሚመራው የፓርላማው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚቴ ሕጉን ከሥር መሠረቱ ፈትሾ በ2005 ሪፖርት አወጣ። አባላቱ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው ነው የወጣው። ከአባላቱ አንዱ ኢቫን ሃሪስ ነበሩ፤ ሐኪም፣ የኦክስፎርድ ምዕራብና አቢንግደን እንደራሴ፣ የሊበራል ዴሞክራቶች የሳይንስ ቃል አቀባይ። በ2008 ሕጉ ሲሻሻል በየአንቀጹ እየተነሱ ከተከራከሩት ውስጥ ናቸው። በከባዶቹ ነጥቦች ላይ እንደራሴው ከፓርቲው ትእዛዝ ነፃ ሆኖ በሕሊናው እንዲወስን ተፈቅዶ ነበር። ከሰውና ከእንስሳ ሴል የተዳቀለ ጽንስን ለምርምር መሥራት ይከልከል የሚለው ሐሳብ 176 ድምፅ አግኝቶ በ336 ተሸነፈ። ሃሪስ በ2010 ምርጫ ወንበራቸውን ያጡት በስንት ድምፅ መሰላችሁ? በ176። ግጥምጥሞሽ ነው፤ በሳይንስ ሥራቸው ተሸነፉ ማለቴ አይደለም። ግን እንዲህ ያለው ሥራ የምርጫ ድምፅ እንደማያመጣ መቼም ግልጽ ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ተገዥ ነው ይላል። ሦስተኛዋን ቃል እናስታውሳት። ፅንስን የሚመለከት ድምፅ ከሌላው የተለየ ክብደት አለው።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። አዋጅ ከጸደቀ በኋላ ደንብና መመሪያ ይመጣል። ሰው የሚፈተነው ክሊኒክ በር ላይ ነው፤ በሩ ላይ የሚሠራው ደግሞ መመሪያው ነው። እኔ እንደራሴ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው "ሕጋዊ ጋብቻ በምን ይረጋገጣል?" የሚለውን ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ፊት የሚፈጸመውን ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውንም ጋብቻ ይቀበላል። በሽማግሌ ተጋብተው 15 ዓመት አብረው የኖሩ፣ ቤት የሠሩ፣ ዕድር የገቡ፣ ግን የምስክር ወረቀት ያላወጡ ስንት ባልና ሚስት አሉ? ሕጉ ወረቀት ባይኖር እንኳ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ በሰው መታወቃቸውን ማስረጃ አድርጎ የሚቀበልበት መንገድ አለው። መዝገብ ክፍል የተቀመጠችው ሠራተኛ ግን ይህን አታውቅም። "ሰርተፍኬት" ትላለች። ከአለታ ወንዶ ወይም ከይርጋለም መጥቶ ወረፋ የያዘ ሰው በአንዲት ወረቀት ተመልሶ ይሄዳል። የሴቷ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም። በእንግሊዝ አኃዝ ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት ማኅፀን ውስጥ ከሚገባ ሦስት ጽንስ አንዱ ገደማ ለመውለድ ይበቃል። ከ40 በኋላ ይህ በፍጥነት ይወርዳል። አንድ ዓመት ወረቀት ማሯሯጥ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሁለተኛው ሞትና ፍቺ ነው። አገልግሎቱ የጋብቻ ነው ካልን ጋብቻው ሲፈርስ የተቀመጠው ጽንስ የማን ነው? ባል ቢሞት ሚስት ልትጠቀምበት ትችላለች? የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻ ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ የባልየው ነው ብሎ ይገምታል። በበረዶ ለተቀመጠ ጽንስ 300 ቀን ምንም ማለት አይደለም። ልጁ በሁለተኛው ዓመት ቢወለድ ውርሱ ምን ይሆናል? ወንድምና እህት ለመሬት በሚካሰስበት አገር ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይመስለኝም። መልሱ ምንም ይሁን፤ ከሕክምናው በፊት ሁለቱም የሚፈርሙበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ የተጻፈ ቅጽ መኖር አለበት። ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛም አማርኛም ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር ነው። ስንት ጽንስ ይግባ? ገንዘቡን አሟጦ የመጣ ሰው "ሁለት ሦስት አድርጉልኝ" ይላል። አንዴ ከፍሎ መንታ ማግኘት ማንም የሚጠላው አይደለም። ሆኖም መንታና ሦስት ልጅ ብዙውን ጊዜ ያለ ጊዜው ይወለዳል፤ ክብደቱ ያንሳል፤ ማሞቂያ ክፍል ይገባል። እናቲቱም ለደም ግፊትና ለደም መፍሰስ ትጋለጣለች። እንግሊዝ ውስጥ በ1990ዎቹ ከአይ ቪ ኤፍ ወሊዶች 28 በመቶው መንታና ከዚያ በላይ ነበር። ተቆጣጣሪው በአንድ ጊዜ አንድ ጽንስ ብቻ እንዲገባ ግፊት ካደረገ በኋላ በ2019 ወደ 6 በመቶ ወረደ። እዚህ የአራስ ሕፃናት ማሞቂያ ክፍል አልጋ ሲጣበብ ያየ ሐኪም ይህ ቁጥር በመመሪያው ውስጥ መኖር እንዳለበት ይነግራችኋል። ክሊኒኩ ራሱ አይወስነው። መንታ ደንበኛ ያመጣለታል፤ የማሞቂያውን ወጪ ግን የሚሸከመው ሌላ ነው።

መብራትም አለ። ጽንስ የሚያድግበት ማሞቂያ መሣሪያ ለደቂቃም መቋረጥ አይወድም። ለወደፊት የሚቆየው ጽንስ የሚቀመጠው ደግሞ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅኑን ዙሪያችን ያለ ወተት አምራች ያውቀዋል፤ አዳቃዩ የኮርማ ዘር ይዞ የሚመጣበት ጋን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ክፍለ አገር ላይ ማዕከል ይከፈት ሲባል ጄኔሬተሩን፣ የናይትሮጅን አቅርቦቱን፣ ድንገት የሚመጣውን ተቆጣጣሪ አብሮ የሚጠይቅ እንደራሴ ያስፈልጋል።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። እንግሊዝ ውስጥ በ2004 መንግሥት ለሴቷ እስከ ሦስት ዙር ይክፈል የሚል መመሪያ ወጥቶ እንኳ እስከ ዛሬ እንደ አካባቢው ይለያያል። እኛ ጋ የጤና መድን የትኛውን ምርመራና መድኃኒት እንደሚሸፍን ተለይቶ ቢታወቅ ጥሩ ጅማሮ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ርካሹ ነገር አለ። በአፍሪካ የመካንነት ዋና ምክንያት ከሚባሉት አንዱ በኢንፌክሽን የተዘጋ የማኅፀን ቱቦ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ በጊዜው ቢታከሙ፣ ወሊድና ውርጃ በንጹሕ ቦታ ቢሆን ብዙው አይደርስም ነበር። በኪኒን የሚያልቅ ነገር ዓመታት ቆይቶ አይ ቪ ኤፍ ይሆናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ይህን ምርመራ በቀላሉ ያገኛሉ ወይ? ከጥንዶቹ በግማሽ በሚጠጉት ላይ ደግሞ ችግሩ በወንዱ በኩልም አለበት። የወንዱ ምርመራ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ ሴቷ ብቻ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትንከራተት ዓመታት ያልፋሉ። ሁለቱም አብረው ይመርመሩ የሚል አንድ መስመር መመሪያው ውስጥ ቢገባ ምን ያህል ትዳር እንደሚያድን ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ እንዴት ይሠራል ላላችሁ፣ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያዘጋጅ ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቅና አስተያየት እንዲቀበል ያስገድደዋል። እንደራሴውም በቋሚ ኮሚቴው በኩል የጤና ሚኒስቴርን "መመሪያው የት ደረሰ? አስተያየት ለማን ቀረበ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። የሐዋሳ እንደራሴዎች በክረምቱ ሲመጡ አዳራሽ ውስጥ ይህን ካልሰሙ ሪፈራል የማኅፀን ሐኪሞችን፣ ዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህራንን፣ በየደብሩና በየቸርቹ የጋብቻ አማካሪዎችን ሊያናግሩ ይችላሉ። ባለጉዳዮቹም ማይክ መያዝ አይጠበቅባቸውም፤ ደብዳቤ ይበቃል። መጀመሪያ የሚጻፈውም የጋብቻ ማስረጃው ጉዳይ ቢሆን እመርጣለሁ።